ባዶ የሚለው ጌጅ

ሐሙስ ጠዋት ከሲኤምሲ የወጣነው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው፤ ይህ መኪና ዘይት አለው ወይስ የለውም? መኪናው የጎረቤቴ የጋሽ ተስፋዬ ነው። ከሟች ወንድማቸው የወረሱት አሮጌ የጀርመን ስፖርት መኪና፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሞተሩ ከኋላ። እሁድ ልጃቸው ማህሌት ታገባለች። አጎቷ በዚህ መኪና ሊድራት ቃል ገብቶላት ነበርና ቃሉን አባቷ ሊፈጽሙት ነው። ነገር ግን የዘይት መጠን የሚያሳየው ጌጅ ቀስቱ ከታች ካልተነሳ ሰንብቷል። ዘይት በእርግጥ ከሌለ ሞተሩ ሙሽራዋን እንደያዘ መንገድ ላይ ይቃጠላል።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ መጠየቅ ሥራህ ነው" አሉኝ። "እኔን መካኒኮች ያዋክቡኛል።"

ጉርድ ሾላ

መንገዱ ተጨናንቋል፤ ሚኒባሶቹ ከጎናችን እየቆሙ መኪናውን ያያሉ። "ፋዘር፣ ይሸጣል?" አለ አንዱ ረዳት። ጋሽ ተስፋዬ ከቀስቱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ጋራዡ ቁልቁለት ላይ ነው። መካኒኩ ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሲሠራም ሲያወራም አይቸኩልም። ከዘይት ታንኩ ላይ የጌጁን ሽቦ ነቅሎ ከመኪናው ብረት ጋር አነካካው። ቀስቱ ተፈናጥሮ "ሙሉ" ላይ ወጣ።

"ጌጁም ሽቦውም ደህና ነው" አለ። "ወይ ታንኩ ውስጥ ከዘይቱ ጋር የሚወጣ የሚወርደው ተንሳፋፊ ተበላሽቷል፣ ወይ ዘይቱ በእውነት የለም።"

ለማጣራት ሞተሩን አጠፋና መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ጫፉ ላይ ጠብታ እንኳ የለም። "በቃ፣ ጌጁ ልክ ነው" ብሎ አንድ ሊትር ጨመረ። ሞተሩን ሲያስነሳው ዘይት ሲቃጠል የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ጋራዡን ሞላው።

ግራ ገባኝ። ጌጁ ባዶ ነው ይላል፤ ዘንጉም ባዶ ነው ይላል። ታዲያ ዘይት የሌለው መኪና ምኑን ያቃጥላል? ሰይድን ጠየቅሁት።

"ወላሂ እኔም እሱን ነው የማስበው" አለ።

ያኔ ጋሽ ተስፋዬ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "ወንድሜ ዘይት ሲለካ ሞተሩን አያጠፋም ነበር። ያውም ብዙ ነድቶ፣ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው።"

"ሞተር እየሠራ? ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እኛም እንስቅበት ነበር።"

ወደ ቦሌ ለሚ

ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረን ሰይድን በጠባቧ የኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈን በጎሮ በኩል ወረድን። በአዲስ አበባ ለጥ ያለ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ ደልዳላ መስሎን የቆምንበት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጎሮ ላይ ፉል በላን፤ ሰይድ በዳቦ እየጠረገ ስለ ጭሱ ብቻ አወራ። በመጨረሻ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ሰፊ አስፋልት አገኘን። ከፋብሪካ የወጡ ሴቶች ከበቡን፤ አንዷ "ሙሽራዋስ የታለች?" ብላ ጓደኞቿን አሳቀች።

ሞተሩ በደንብ ሞቆ እየሠራ ሰይድ ዘንጉን መዘዘ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል። ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ቆየና ደግሞ ለካ፤ ደረቅ። አሁን ነገሩ ገባን። ይህ መኪና ዘይቱን የሚይዘው ለብቻው በተሠራ ታንክ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይወርድና ታንኩ የጎደለ ይመስላል።

ጌጁ ግን ሞተሩ እየሠራም ባዶ ነው ብሏል። ሰይድ ተንሳፋፊውን ፈትቶ አወጣና ጆሮዬ ሥር ነቀነቀው። ሆዱ ውስጥ ዘይት ተንቦጫረቀ።

"ሰምጧል" አለ። "የሰመጠ ተንሳፋፊ ታንኩ ቢሞላም ባዶ ነው ይላል።"

መለዋወጫው እዚህ አገር መገኘቱን እንጃ። ሰይድ የሰመጠውን መልሶ ገጠመ፣ ትርፉን ዘይት በጀሪካን ቀነሰ፣ እንደገና ለካ። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

"እሁድ ልንዳ?" አሉት ጋሽ ተስፋዬ።

"ይንዱ። ጌጁን አይዩት እንጂ።"

ቤት

የቀረኝ ጥያቄ ያ ሁሉ ዘይት ከየት መጣ የሚለው ነበር። መልሱን በር ላይ፣ ጋሽ ተስፋዬ የሆነውን ሲያወሩ አገኘሁት። "አባዬ፣ እኔም ትንሽ ጨምሬ ነበር" አለች ማህሌት። "መንገድ ላይ እንዳትቆም ብዬ።" ዘበኛው ቱሉም አንገቱን አከከ፤ መኪናውን ሲያጥብ ቀስቱን አይቶ አዝኖለት ጨምሮለታል። ጋሽ ተስፋዬም ጨምረዋል። አንዱ ለሌላው አልነገረም።

በሙያዬ ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ እጽፈዋለሁ። እነዚህ ሦስቱ ግን ያዩት አንድ ቀስት ነው፤ ስለዚህ ምስክሩም አንድ ብቻ ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ ጌጁን በፕላስተር ሸፈኑትና ቱሉን ጠሩት።

"እስከ እሁድ ይህን መኪና የሚወድ ሰው እንዳይጠጋው።"

"እርስዎስ ጋሼ?"

"መጀመሪያ እኔን አባርረኝ።"