መረቡ ለምን ተኮማተረ

ደሴ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ገና አዲስ ነበር፤ ግማሹ ሕንጻ አልተጠናቀቀም። እኔ እዚያው ሆጤ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ጀማሪ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። ኮምቦልቻ ከሚያስተምሩ፣ በዕድሜ ከገፉ መምህር ጋር በአንድ ጥናት ተጣመርን።

ሕዋስ ውስጥ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ። ጥቃቅን ሞተሮች ይጎትቷቸዋል፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ክርን ከክር እያሰሩ መረብ ይሠራሉ። ማሰሪያው ጥቂት ሲሆን ክሮቹ ይንሸራተታሉ እንጂ መረቡ እንዳለ ይቆያል። ከአንድ ልክ ሲያልፍ ግን፣ ውሃ ድንገት በረዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ መረቡ በአንዴ ተኮማትሮ ጓል ይሆናል። ያንን ልክ ለማግኘት እያንዳንዳችን መረቡን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍን።

የእኔ መረብ በጥቂት ማሰሪያ ይኮማተራል። የእሳቸው በዚያው ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

"ፕሮግራምዎን ይላኩልኝና ልየው" አልኳቸው በስልክ።

"አልጨረስኩትም እህቴ፤ ትንሽ ታገሺኝ።"

ሳምንት ቆይቼ ብደውል ያው መልስ። ይባስ ብለው የእኔን ጠየቁኝ። ላክሁላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ፕሮግራሙ አላነሱም። አንድ የክፍላችን መምህር "አዲስ አበባ ጥናት ሊያቀርቡ ነው አሉ" ሲለኝ ሥራዬን የራሳቸው አድርገው ሊያቀርቡት መሰለኝ። ቢሮዬን መቆለፍ ጀመርኩ። ስናወራ ከቃላቸው ይልቅ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር።

አንድ ማለዳ ሳልነግራቸው ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስደርስ ክፍል ገብተዋል ተባልኩ፤ ቢሯቸው ግን ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ፕሮግራም ታትሞ፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ማስታወሻ ተሞልቷል። ነውር መሆኑን እያወቅሁ አነበብኩት። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን ጥንድ ክር ሁለቴ ይቆጥረዋል፤ ጥቂት አሰርኩ ባልኩበት እጥፍ ያህል አስሯል።

እዚያው እንደቆምኩ መጡ። ወረቀቱን እጄ ላይ አዩት።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ ውጤቱ እንዲያምር ሆን ብለሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነበር። ሳላረጋግጥ ስምሽን ማንሳትም፣ የእኔን መላክም ፈራሁ።"

"የአዲስ አበባውስ?"

"እሱ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነው። ምን አሉሽ?"

ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው እኔን እንደ አጭበርባሪ፣ እኔም እሳቸውን እንደ ሌባ ስንተያይ ከርመናል።

"አብሽሪ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ።

ከሰዓቱን ሙሉ አንዳችን የሌላውን ፕሮግራም አነበብን። የእሳቸውም ላይ አንዲት ስህተት አገኘሁ፤ ትንሽ ብትሆንም ደስ አለኝ። ሁለቱን ስናርም መረቦቹ እኩል ልክ ላይ ተኮማተሩ።

ጥናቱን አብረን አቀረብን፤ ትልቁ ስህተት የእኔ እንደነበረ በአዳራሹ ፊት ራሴ ተናገርኩ። ከዚያም ዓመታት አብረን ሠራን። የምልክላቸውን ቁጥር ሁሉ እንደገና እንደሚፈትሹት ግን አውቅ ነበር። እኔም የእሳቸውን ሳልፈትሽ አላለፍኩም።