በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን

እናቴ፣ ማንኪራ መንደር ያለው ቤቷ ሰው ከራቀው ጫካው ይበላዋል ትል ነበር። እውነቷን ነው። እዚያ ሐረግ ዝናብ ባገኘ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ጦጣ ቡናውን ይጨርሳል፣ እንሰቱም ያለ ባለቤት አይሆንለትም። ስለዚህ እንቅርቷን በኦፕራሲዮን ልታስወጣ ራቅ ወዳለ ከተማ ይዣት ስሄድ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከዳንኩ ቤቴ ነው የምትመልሺኝ። ያንቺ ቤት አይደለም፣ የእኔ ቤት።»

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ?

እንቅርቱ ወጣ። ሐኪሙ፣ እጢው ሙሉ በሙሉ ስለተነሳ እጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን ዕድሜዋን ሙሉ በክኒን እንደምትወስድ ነገረን። ከእጢው ጋር የካልሲየሟን ነገር የሚቆጣጠሩ ትንንሽ እጢዎችም ተነክተዋልና ካልሲየም ጨመረላት። «የሆርሞኑን ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አለ። የእናቴ አማርኛ ከገበያ አያልፍም፤ እኔ በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ ደገምኩላት። ክትትሉ ቦንጋ ስለሆነ፣ ግብርና ቢሮ እየሠራሁ በተከራየሁት ቤት ለጊዜው እኔ ዘንድ ተቀመጠች። እኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም።

መድኃኒቱ ጠብ አላለላትም። ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ፤ ጠዋት ከመኝታ የምትነሳው ግድ ሆኖባት ነው፣ ከዚያ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋለች። ጣቶቿ ድንገት እየተኮማተሩ አልዘረጋ ይሏታል። የምንሄድበት ክሊኒክ ደሟን መርምሮ የክኒኑን መጠን ጨመረ። ለውጥ የለም። እንደገና ጨመረ። አሁንም የለም። ወጣቱ ሐኪም በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና «እማማ፣ ክኒኑን እየዋጡ አይደለም፣ እየደበቁን ነው» አላት።

ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ስትውጥ በዓይኔ አያለሁ እኮ! እናቴ ግን ጋቢዋን ሰብስባ ተነሳች። አማርኛው አልገባትም ብዬ ልጽናና ስል፣ መንገድ ላይ «ሌባ አለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎረቤት ጠበል አለች፣ ሌላዋ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር መጥታ ጸለየችላት፣ የቢሮ ባልደረባዬ ክኒኑ ፎርጅድ ነው አለ። ክሊኒኩ ደግሞ፣ ሰውነቷ ሆርሞኑን አልቀበልም ብሏል፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት የማይበግረው ሰው አልፎ አልፎ ያጋጥማል ብሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት። እናቴ መኪና ውስጥ ሆና የምታስበው ስለ ደሟ አልነበረም። ቡናው ቀልቷል፣ ማን ይለቅመዋል ትላለች።

እዚያ ያገኘናት ሐኪም በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። የበፊቶቹ ያልጠየቁትን ጠየቀች።

«እናቴ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?»

እናቴ ጥያቄው ራሱ ገረማት። «በቡና ነዋ! በምን ይዋጣል?»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን ምኑ እንዳስደነገጣት ወዲያው አልገባኝም። እኛ ዘንድ ቡና ምግብ አይደለም። ሦስት ስኒ ጠጥቶ የወጣን ሰው ቁርስ በልተሃል ወይ ብትሉት፣ ምንም አልቀመስኩም ብሎ ይምልላችኋል፣ ውሸትም የለበትም። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ጨው ጣል ባደረገችበት የመጀመሪያ ስኒ ሁለቱንም ክኒን በአንድ ጊዜ ትውጣለች። ከዚያ ነው ወደ ቆጮው የምትዞረው። ባዶ ሆድ ማለት ለእሷም ለእኔም ይኸው ነበር።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ቡናውም ካልሲየሙም ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም አያሳልፉትም። እንግዲህ የሆርሞኑ በውሃ ብቻ ይዋጥ፣ ቡናው ቆየት ብሎ ይጠጣ፣ ካልሲየሙ ወደ ማታ ይሂድ። ከሁለት ወር በኋላ ደም እንድንመረምርም ነገረችን።

«ቡና ጠላት ሆነ በሉኛ» አለች እናቴ እየወጣን።

የሆነው ግን ተአምር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ድምፅዋ ተመለሰ፣ ብርድ ልብሱ ተጣጠፈ። ሁለት ወሩ ሳይሞላ ማንኪራ ገባች። ለምርመራው ብጠራት «ደህና ሰው ምኑ ይመረመራል?» ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ እሳት የላሰች ሴት ሆና ነው የማገኛት። ሐረጉን መንጥራለች፣ ቀፎዎቹን አሰቅላለች፣ ከለቃሚዎቹ ጋር ጫካ ገብታ ትውላለች። ቀጥናለች፣ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፣ ሰው ጋቢ በለበሰበት ብርድ እሷን ላብ ያጠምቃታል። ማር ስታቀርብልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደስታ ነው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። ቡናው ክኒኑን ሲሰርቅባት በነበረ ጊዜ የተጨመረላት መጠን እንደ ተጨመረ ቀርቷል። አሁን የሚሰርቀው ሲጠፋ ሁሉም ደሟ ውስጥ ገባ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከልኩ ያለፈ ሆርሞን ነበር። ልቧን ያለ ዕረፍት ሲያስሮጥ፣ አጥንቷን ደግሞ ከውስጥ ሲበላው ከረመ።

ጭቃ ላይ አዳለጣት። ክፉ አወዳደቅ እንኳን አይደለም፣ በጎኗ ቁጭ ነው ያለችው። ዳሌዋ ተሰበረ። የማንኪራ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጧት፣ እሷም በመንገዱ ሁሉ የተሰጣው ቡና ዝናብ እንዳይመታው አደራ ትል ነበር። ራጁን ያሳየኝ ሐኪም፣ አጥንቷ እንደ ነቀዘ እንጨት ሆኗል አለኝ። ለእንዲህ ያለው አጥንት የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ነገር ግን ካልሲየምን ዝቅ ያደርጋል፣ የእሷ ደግሞ ምን ብትውጥ ከፍ አልል ብሏል። ስለዚህ መርፌው ቀረ። የሆርሞኑ ክኒን ወደ ልኩ ተቀነሰ።

አሁን ምርመራዋ ሁሉ ደህና ነው። ቦንጋ፣ እኔ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትውላለች። በምርኩዝ እስከ በር ትደርስና ትመለሳለች። ሐኪሞቹ ደስተኞች ናቸው። እኔ ግን ያችን ጫካ ገብታ የምትውለውን በሽተኛ እናቴን እናፍቃለሁ፤ ይኼ ኃጢአት ከሆነም ይሁን።

ባለፈው ሰሞን፣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ያለ ጠዋት፣ ክኒኑን ሳቀብላት መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።

«ያንን የድሮውን፣ ትልቁን ስጪኝ» አለች።

«እማዬ፣ እሱ ነው እኮ አጥንትሽን የበላው።»

«አውቃለሁ። ግን ቤቴ ያደረሰኝ እሱ ነው።»

ይገድልሻል አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በልመና ዓይን አየችኝ።

«አንቺ ደህና እናት ፈለግሽ፣ አገኘሽ» አለች። «እኔ የጠየቅሁሽ ቤቴን ነበር።»

ውሃውን ሰጠኋት፣ ትንሹን ክኒን ዋጠች።