በመስታወት የተመረጠው ቴሌቪዥን

እኛ ሰፈር ያለውን ፀጉር አስተካካይ በስሙ ብትጠይቁ ማንም አያሳያችሁም። ቀጥበል ካላችሁ ግን ሕፃኑም አዛውንቱም እጃችሁን ይዞ ነው የሚያደርሳችሁ። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ተሸካሚ፣ በየመሐሉ «ቀጥ በል» ይባላል። አንገቱን የሚያዘነብል ሰው አይወድም በቃ። የኔ ሱቅ ከሱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ቻርጀር፣ ኢርፎን፣ የስልክ ከቨር እሸጣለሁ፣ ለዛ ነው እነሱም ቻርጀር የሚሉኝ። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ጆሮዬን ብደፍን እንኳ እዛ የሚወራው ሁሉ እኔ ጋ ይደርሳል።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ወደ ውስጥ ያለው የቀጥበል ነው፣ በሩ ጥግ ያለው የላባ። ላባ የቀጥበል ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ምላጭ ሲይዝ እየላጨህ ይሁን እያባበለህ አይታወቅም፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው። ገና ጺም ሳያበቅል ነው ቀጥበል፣ ላባ «ጋሼ» የሚለው፣ ወስዶ ሥራውን ያስተማረው። ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ጋሼ ወሬ ከጀመረ ፍሬን የለውም። ላባ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገር ነው፣ ከሦስቱ ሁለቱ «ቀጣይ ማነው» ናቸው።

አሁን ቴሌቪዥኑ የት እንደሚሰቀል ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። ድሮ ከመስታወቱ በላይ ነበር። ኳስ ወደ ጎል በቀረበ ቁጥር ደንበኛው አገጩን ያነሳል። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ጎል ገባ ብሎ ሲዘል መሐል አናቱ ላይ መንገድ ወጣለት፤ እስኪያድግለት ኮፍያውን ሳያወልቅ ከረመ። ጋሼ ያኔውኑ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ ከጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ሶኬቱ ካለበት ከውስጠኛው ጥግ፣ ከአግዳሚው በላይ ሰቀለው። ስለዚህ እዛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው የለም። የሚቆረጠውም፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀውም፣ ሁሉም የሚያየው መስታወት ውስጥ ነው። አንገት ቀጥ ይላል፣ ሥራም ይሠራል።

እውነት ለመናገር ትንሽ ያሳስታል። ቡድኑ ሁሉ በተቃራኒ ነው የሚያጠቃው። አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ኳስ የሚያየው እዛ ብቻ ነው፣ ስለ አንድ አጥቂ «ቀኙ ሰይፍ ነው» እያለ ስንት ዓመት ተከራክሯል። አጥቂው ግራ እግር ነው እኮ፤ ቀኙ ለመቆሚያ ብቻ ነው የተሰጠው። ብንነግረውም «በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን» ይላል። የላባ ደንበኞች ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚቆረጡት። ሁላችንም በእጁ ልስላሴ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው እንል ነበር።

አንድ ቀን ያ አሮጌ ቴሌቪዥን መስመር በመስመር ሆነ፣ በነጋታው ድርግም አለ። ኳስ ባለበት ቀን አግዳሚው ባዶ ቀረ፤ ሰዉ ማዶ ወዳለው አዲስ ፀጉር ቤት ተሻገረ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አቁሟል። ስማቸው ለአፍ ስለማይመች በምልክታቸው ነው የምንጠራቸው፣ ባለኮከቡና ባለጉጉቷ። እኔ ቴሌቪዥን ነፍሴ ነው፣ እንደ ሙሽራ ነው አገላብጬ ያየኋቸው። ስፋታቸው እኩል፣ ሁለቱም ፎርኬ፣ ሁለቱም ስማርት፣ የሁለቱም ድምፅ ሰፈር ያስነሳል። የዋጋቸው ልዩነት አንድ ፀጉር አያስቆርጥም። ባለኮከቡ ሪሞቱ ያምራል፣ ባለጉጉቷ እግሯ ጠንካራ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ዕቃ እግር ምን ያደርጋል እንጂ።

ጋሼ ባለኮከቡን አለ። እቤቱ ያለው የዛው ነው፣ «ልጆቼን ያሳደገ ዕቃ ነው» ይላል። ላባ «ባለጉጉቷ ትሁን» አለ።

«ለምን?» አለው ጋሼ።

«ትሻላለች።»

«በምን ትሻላለች?»

«ትሻላለች ነው የምልህ፣ ጋሼ።»

ይሄው ነው። ሌላ ማብራሪያ የለም። ደንበኛው ግን ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ልብስ ሰፊው የኮከብ ነኝ አለ፣ ሹፌሩ የጉጉት። «ጉጉት የተሳለበት ዕቃ ቀን ይተኛል፣ ማታ ብቻ ነው የሚሠራው» ይላል ልብስ ሰፊው። «ኮከብስ ቀን ታይቶህ ያውቃል?» ይለዋል ሹፌሩ። ይስቃሉ። ላባ ግን አይስቅም ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ። ላባ ማታ ማታ ቤት ሲዘጋ የፀጉር መቁረጫ ማሽኑን፣ ቶንዶሱን፣ ጠርጎ ዘይት ቀብቶ መስታወቱ አጠገብ ያለች ምስማር ላይ ነው የሚሰቅላት። ከቴሌቪዥኑ ክርክር ወዲህ ግን ቶንዶሷን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ይዟት መሄድ ጀመረ። ቶንዶሱን ይዞ የሚሄድ ፀጉር አስተካካይ፣ ልብሱን በሻንጣ እንዳሰረ ባል ቁጠሩት። የማዶው ፀጉር ቤት ባለቤት ደግሞ «ና፣ የቆዳ ወንበር ይጠብቅሃል» ብሎ እንደላከበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ጋሼ ሱቄ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ተደገፈ። «ቻርጀር፣ ዛሬም ይዟት ሄደ» አለኝ።

«ባለጉጉቷን ግዛለትና ይረፍ በቃ።»

«ምክንያቱን ቢነግረኝ እገዛለት ነበር። ዝም ብዬ ገዝቼ ብትበላሽ ሰው በማን ነው የሚስቀው? በሱ።»

«ካልገዛህለትስ?»

ቀኝ እጁን የጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ስለ እጁ ልንገራችሁና የጋሼ ጭንቀት ይገባችኋል። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በቶንዶስ ሲሠራ አይታወቅበትም፣ ቶንዶስ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ይሸፍንለታል። ምላጭ ግን ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ የጋሼ ደንበኛ ጺም ላይ ሲደረስ ላባ የራሱን ደንበኛ «አንዴ» ብሎ ይመጣና ዳር ዳሩን በምላጭ አስምሮለት ይመለሳል። ማንም አላዘዘውም። ጋሼም አመሰግናለሁ ብሎት አያውቅም፣ «ላባ፣ እስቲ ይቺን ጨርስልኝ፣ እኔ ወሬዬን ልጨርስ» ነው የሚለው። ደንበኛው ይስቃል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ላባ ከሄደ ግን ያ ቤት አለቀለት ማለት ነው። ጺም ወደማይነካ ፀጉር ቤት ማን ይሄዳል?

ላባም ቅሬታው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የግድግዳው ቀለም ሲመረጥ ጋሼ ያለው ሆነ። አግዳሚው ሲሠራ ጋሼ ያለው። ሬዲዮው ሲከፈት ጋሼ የሚወደው ጣቢያ። ሰው ዝም ስላለ ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለማ።

የጋሼ ሚስትም ስልክ ደወለች። ጋሼ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ እኔም ሰማሁ። «ወንድሜ ያንን ቤት ጥሎ ከወጣ አንተም እዛው አግዳሚው ላይ እደር። በሩን አልከፍትልህም» አለችው።

በነጋታው ጠዋት ጋሼ ተነሳ። «ላባ፣ ና። ቻርጀር፣ አንተም ዝጋና ና። ዛሬ ይለይለታል» አለ። ጋውኑን እንኳ አላወለቀም። ላባ ቦርሳውን አንግቶ ተከተለ፣ ቶንዶሷ ውስጡ ናት። መንገዱን ሙሉ ጋሼ ዝም ብሎ ሲሄድ ሳይ ፈራሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ሻጩ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። ሁለቱንም ከፈተልን፣ ሁለቱም ላይ ዓሣ ይዋኛል። «ፊት ለፊት ቆማችሁ በደንብ እዩት» አለን።

«የኔ ደንበኛ ፊት ለፊት አያይም» አለው ጋሼ። «ዓሣም አያይም። ኳስ አድርግልን።»

ሻጩ ኳስ አደረገ። ጋሼ ከጋውኑ ኪስ ያቺን ትንሽ መስታወት አወጣ፣ ደንበኛ ማጅራቱን የሚያይባትን። ለቴሌቪዥኖቹ ጀርባውን ሰጠ፣ ቀጥ አለ፣ መስታወቷን ፊቱ ላይ አነሳና ማየት ጀመረ። መስታወቷ እጁ ላይ ስትንቀጠቀጥ ላባ መጥቶ ከሥር ደገፈለት። ጺም እንደሚጨርስለት ማለት ነው።

ሻጩ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ጋሼን አየ፣ እኔን አየኝ። «ሰውዬው ቴሌቪዥኑን ተቀይሞት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚያየው» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ።

«ይኸው» አለ ጋሼ። «ባለኮከቡ ጥርት ብሏል። ሣሩ ሣር ነው፣ ኳሱ ኳስ ነው። እይ እስቲ አንተም።»

ላባ አላየም። «ጋሼ፣ አሁን የቆምከው አንተ ወንበር ቦታ ላይ ነው» አለው። «ና ወደኔ።»

ክንዱን ያዘውና ወደ ጎን ወሰደው፣ እስከ ማቀዝቀዣዎቹ ድረስ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የላባ ወንበር ያለበት በር ጥግ ማለት ነው። መስታወቷን አጋድሞ ያዘለት። «አሁን እይ።»

እኔም ከትከሻቸው በላይ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ባለኮከቡ ነጥቷል። ሣሩ አመድ፣ ተጫዋቾቹ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ፣ ማልያው ከማልያ አይለይም። ባለጉጉቷ ግን ያው ናት። አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቀዩ ቀይ። በቃ ነገሩ እሱ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ሳገላብጥ አንዴም ከጎን አልቆምኩም እኮ።

ጋሼ መስታወቷን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አንተ ወንበር ላይ እንዲህ ነው የሚታየው?» አለ።

«የድሮው ከዚህም ይብስ ነበር።»

«ለዛ ነው ደንበኞችህ የሚጨፍኑት?»

«ምን ይይ ታዲያ ሰው።»

«እኔ እኮ እጅህ አስተኝቷቸው መስሎኝ በየቤቱ ሳወራልህ ነው የኖርኩት።» ጋሼ መስታወቷን አወረደ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ፣ ጋሼ። ያኔ ቴሌቪዥኑን የሰቀልክ ጊዜ፣ ከኔ ጋ አይታይም አልኩህ። ደንበኛህን ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው አልከኝ።»

እኔ አሁን ነው ጠቡ የሚፈነዳው ብዬ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ግን ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዛ በሆዱ፣ ከዛ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ። «ብያለሁ፣ ውሸት የለውም» አለ። «አሁን ጋሼ ብሎ ነገር የለም፣ አንተ ነህ ጋሼ።» ወደ ሻጩ ዞረ። «ባለጉጉቷን ጠቅልልልን።»

«ኧረ ተመስገን» አለ ሻጩ። ያለወትሮው ከልቡ ነው ያለው።

ሰቀልናት። እኔ ገመዱን አስተካከልኩ፣ ልብስ ሰፊው ከታች «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያለ በመስታወት እያየ ወደ ቀኝ አስኬደን። ስትከፈት ጋሼ ሄዶ የላባ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እዛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ መስታወቱን ይመረምራል።

ላባ ጨርቁን አራግፎ አንገቱ ላይ አሰረለት። «ከተቀመጥክ አይቀር ጺምህን ላስተካክልህ» አለው።

«ቆይ እስቲ፣ ከዚህ ጥግ ደግሞ...»

«ጋሼ፣ ቀጥ በል።»

አግዳሚው ላይ ያለነው ሁላችን ዓይናችንን ከኳሱ ነቀልን። ጋሼም ቀጥ አለ። ምላጩ ሲሄድ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ኳሱ ጎል ገባ፣ ልብስ ሰፊው «አላልኳችሁም፣ በቀኙ ነው» አለ፣ ጋሼ አገጩን አላነሳም።

ማታ ቤት ሲዘጋ ጋሼ እኔ ሱቅ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ሥራ ያለው መስሎ ከቨር ያገላብጣል፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው። ላባ ወለሉን ጠረገ። ቶንዶሷን ጠረጋት፣ ዘይት ቀባት። ቦርሳውን አነሳ። ከዛ ምስማሯ ላይ ሰቀላትና መብራቱን አጥፍቶ ወጣ። «ደህና እደሩ» ብሎን አለፈ።

ጋሼ ስልኩን አወጣ። «ሰቀላት» አለ።

«ምኗን?» አለች ሚስቱ።

«ቶንዶሷን።»

«እፎይ» ስትል ሰማሁ። «በል ና» አለችው። «በሩ ክፍት ነው።»