ትልቁ ልጅ ስኳር አነሰው

የአራስ ጥየቃ ጉዞዬ በጠቅላላው አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ፈጅቷል። ለአራሷ የወሰድኩት ጋቢ ከራሴ ሱቅ ስለሆነ በመጣበት ዋጋ ይዤዋለሁ፤ ለራሴም ቢሆን በነጻ አልሰጥም።

ንጋት፣ ሸማ ተራ

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ አንድ ወፍራም ጋቢ አወጣሁ። ልጄ ሐያት ሌሊት ወንድ ወልዳለች፤ አራት ኪሎ ተኩል። በእርግዝናዋ ስኳር ይዟት ኢንሱሊን ስትወጋ ነው የከረመችው። ጭነት የሚያወርዱት ልጆች ኪሎውን ሲሰሙ ሥራ አቆሙ።

"ጋሼ፣ ይሄማ አልተወለደም፤ ተራገፈ እንጂ" አለኝ አንዱ።

ተክለ ሃይማኖት

መንገዱ ተጨናንቋል። ላዳውን በስድስት መቶ ተስማምቼ ነበር፤ ሾፌሩ አራስ ጥየቃ መሆኑን ሲያውቅ ሰባት መቶ አለ።

"ደስታ ነዋ ጋሼ!"

"የማን ደስታ?"

"የሁለታችንም።"

ጨመርኩለት።

ረፋድ፣ ሆስፒታል

ክፍሉ በዘመድ ሞልቷል። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ክንዱ ድልብ። ዓይኑን አይገልጥም፣ አያለቅስም።

"እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ እናቱን አሳረፋት" አለች ባለቤቴ።

"በአባቱ አልወጣም" አልኩ። አባቱ ሳቀ።

ነርሷ ገባች። ሌሊት ተረከዙን ወግታ የደሙን ስኳር ስትለካ ደህና ነበር። ግን ሊወርድ ስለሚችል በየሁለት ሰዓቱ ይጥባ፣ ከመጥባቱ በፊትም ይለካል ብላ አስጠንቅቃለች።

"መጨረሻ መቼ ጠባ?"

እርስ በርስ ተያየን።

"ተኝቶ ነው ሲስተር። የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል እንዴ?"

"አባባ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ዝም ሲል ነው የምንፈራው።"

"እናቱ ስኳር የተረፋት ናት። እሱ ከየት አምጥቶ ያንሰዋል?"

ተረከዙን እያሻሸች አስረዳችኝ። ማህፀን ውስጥ የእናቱ ትርፍ ስኳር ይደርሰው ነበር፤ ሰውነቱም ያንን ሁሉ ማቃጠል ለመደ። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ቆመ፣ ማቃጠሉ ግን አልቆመም። ሐኪሞቹ ሳይወለድ ስኳሩ ሊያንስ ይችላል ብለው የጠረጠሩትም ለዚህ ነው፤ እኛ የኮራንበት ኪሎም አንዱ ምልክት ነበር። በእኔ ቋንቋ፣ አቅራቢው ቆሟል፣ ወጪው ቀጥሏል። እንዲያ ሆኖ የተዘጋ ሱቅ አውቃለሁ።

መለኪያው ሃያ ስምንት አለ፤ ቢያንስ አርባ አምስት መሆን ነበረበት። ነርሷ ልጁን ይዛ ወጣች።

"ላጥባው ብዬ ነበር፤ ተዪው ይተኛ አላችሁኝ" አለች ሐያት።



ከሰዓት፣ የሕፃናት ክፍል በር

በደም ሥሩ ጉልኮስ ተሰካለት። እኔ ጋቢውን እንደታቀፍኩ በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው ወንበር ቢያመጣልኝም አልተቀመጥኩም። አንድ ጊዜ ለኩ፣ አርባ አንድ። ቆይተው ደገሙ፣ ሃምሳ ሦስት። ከዚያ ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ። የጭነት አውራጅ ድምፅ አለው።

በሦስተኛው ቀን፣ አብነት

ጉልኮሱ ከተነቀለ በኋላም ስኳሩ ስላልወረደ ወደ ቤት ለቀቁን። ሐያት ጋቢውን ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ታጠባዋለች። የባለቤቴ ስልክ በየሁለት ሰዓቱ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ልጁ ቢተኛም እግሩን ኮርኩረን እናነቃዋለን። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት "ጨዋ ልጅ ነው" ሲል ሐያት አፍጥጣ አየችው።

ወጪ፣ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር። ገቢ፣ የለም። የልጁ ስኳር ከሆስፒታል ስንወጣ፣ ስልሳ አራት።