ላም ቤቷን ታስታውሳለች ወይ
የስልሳ አራት ክረምት አሰላ ላይ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ ማታ የማይለቅ፣ ልብ የሚያጨልም ነበር። ንባብ የምትጠላው ትንሿ ፋጡ ከክረምት ትምህርት ስትመለስ እህል መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ትጠለላለች። ካፖርቱን በከብት ገመድ የሚታጠቀው ዘበኛ ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ስለ እንስሳት የተጻፈውን መጽሐፏን ያስገልጣታል።

«የላም ሆድ አራት ክፍል አለው» ብላ ታነባለች።

«እንዲያ በይኝ! የኔዋ ጠገብኩ የማትለው፣ አንዱ ሲሞላ ሦስቱ እያማረሩባት ነዋ።»

ፋጡ እየሳቀች ሌላ ገጽ ትገልጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ንባብ ወደደች።

ሰውዬው በጭሰኝነት ያርሰው የነበረው መሬት ላይ ባለመሬቱ ትራክተር ሲያስገባ ተነቅሎ፣ ላሙን ለኢተያ ነጋዴ ሸጦ ነው ከጢቾ በኩል የመጣው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ ላም የድሮ ቤቷን ታስታውሳለች ይላል?» ይላታል።

መጽሐፉ አይልም። አንድ ቀን ግን አሳዘናትና ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ «ታስታውሳለች ይላል፣ አባባ። ተመልሳም ትሄዳለች» አለችው።

ዘበኛው ወገቡ ላይ ያለውን የላሙን ገመድ ዳሰሰ። «እንግዲያ ሄዳ ሰው ታጣለቻ» አለ።

በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ሌላ ዘበኛ ቆሞ ነበር። ሰውዬው መጨረሻ የታየው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በጢቾ መንገድ በእግሩ ሲሄድ ነው።