ኦቨን ለተከለከለ ስኳር በሽተኛ የሚሆን ኩኪስ

ከደብረ ታቦር የወጣሁበት ሌሊት ብርዱ ከመክበዱ የተነሳ ማልቀስ የቻለ ሰው አልነበረም፤ እንባ የመጣበትም ጉንጩ ላይ ረግቶበት ቀረ። ባለቤቴ የሻረግ፣ በር ላይ ቆማ ሦስት ነገር ሰጠችኝ፤ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ከረጢት በሶና አንድ ምክር። «ሰው ቤት ያቀረቡልህን ቶሎ እሺ አትበል። ከርሃብተኛ ቤት የመጣህ እንዳይመስላቸው» አለችኝ። ዳቦ ቆሎው መተማ ሳልደርስ አለቀ። በሶው ሱዳን ላይ አለቀ። ምክሩ ግን ስዊድን ድረስ አብሮኝ ገብቶ ለስኳር በሽታ ዳረገኝ።

ለምን እንደወጣሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደብረ ታቦር እብናት የምነዳትን አውቶቡስ ባለቤቷ ሸጣት። አሥራ አምስት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ፍሬኗ እንኳ የሚይዘው ስቆጣት ብቻ ነበር። መኪና የሌለው የአርባ ሁለት ዓመት ሾፌር ማለት ደግሞ ጃኬት የለበሰ እግረኛ ማለት ነው። ከየሻረግ ጋር መከርን። እኔ ቀድሜ ልሄድ፣ ቋሚ ሥራ ስይዝ እሷን ላስመጣ። በዓመት የሚያልቅ ዕቅድ ነበር። ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

መንገዱን ዘርዝሬ አላደክማችሁም። በረሃው ላይ ፀሐይ አንድ አልነበረችም፤ ለያንዳንዳችን አንዳንድ ታድላ ነበር። ባሕሩን የተሻገርንባት ጀልባ ለአርባ ሰው የተሠራች ናት፤ እኛ አንድ ወረዳ ነበርን። አጠገቤ የተቀመጠ የሐረር ልጅ «ዋና ትችላለህ?» አለኝ። «እኔ የጉና ሥር ሰው ነኝ፤ ብዙ ውኃ ያየሁት በእንስራ ነው» አልኩት። ሳቀ። እስኪነጋ ድረስ «በእንስራ» እያለ ሲስቅ አደረ። ጣሊያን ላይ ለያዩን፤ ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ስዊድን የገባሁት በኅዳር ነው። እኛ ደብረ ታቦሮች ብርድ እናውቃለን ብለን እንኮራለን አይደል? ተውት። የጉና ውርጭ ከዚህኛው አጠገብ ቢቀመጥ ጋቢ ነው። ፀሐይዋም እንደ አንዳንድ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ አርፍዳ ትገባለች፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቢሮዋ የለችም።

እዚህ «ፊካ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሥራ አቁመው ቡና ይጠጣሉ፤ ቡናው ግን ሰበብ ነው፤ ዋናው አብሮት የሚቀርበው ኬክና ኩኪስ ነው። ቋንቋ በሚያስተምሩን ቤት በመጀመሪያው ቀን መምህሯ ሳህኑን ዘረጋችልኝ። እኔም እንደ ወጉ ተግደረደርኩ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እሷ ደግሞ እንደ ወጉ «በሞቴ!» ልትለኝ፣ እኔ ሁለተኛ እምቢ ልል፣ በሦስተኛው እጄን ልዘረጋ ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን አንስታ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች። አመነችኝ! ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው «ጠግቤያለሁ» ሲል የሚያምን ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ስድስት ወር እንዲህ እየተግደረደርኩ ከሳሁ። በሰባተኛው ወር ማልኩ፤ ከእንግዲህ የቀረበልኝን በሙሉ እሺ እላለሁ። ሦስት ዓመት መሐላዬን ጠበቅሁ። ጾም ቢሆንም ባይሆንም ኬኩ ውስጥ ቅቤ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም፤ ያልጠየቁት አያስገድፍም ብዬ።

ከዚያ የአውቶቡስ ሾፌርነት ሥልጠና ገባሁ። ለመንጃ ፈቃዱ ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ወረቀት ያስፈልጋል። ደሜን የወሰደችው ነርስ ውጤቱን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ስኳር አለብህ። በቀን ስንት ኩኪስ ትበላለህ?»

«የሰጡኝን ያህል።»

«ስንት ይሰጡሃል?»

«እናንተ ቸር ሕዝብ ናችሁ።»

አልሳቀችም። ሐኪሙ አሁን እንደማይፈርም፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንደምመረመር፣ ስኳሩ በምግብ ካልወረደ የአውቶቡሱን ነገር እንድረሳው ነገረችኝ። ነገሩ ለሷ አንድ ወረቀት ነው። ለኔ ግን ወረቀቱ ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ቋሚ ሥራ የለም፤ ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ሚስቱን ማስመጣት አይችልም። የሻረግን ከኔ የሚያራርቃት ባሕርና በረሃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኩኪስ ነው።

«ኩኪሱን ተው» አለችኝ ነርሷ።

«ሁሉም ሲበላ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ላያቸው?»

ይሄ ገባት። ከኮምፒውተሯ የአሠራር ወረቀት አትማ ሰጠችኝ፤ ስንዴም ስኳርም የሌለው ኩኪስ። የአልሞንድ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ ቅቤ፤ ከዚያ በጋለ ኦቨን መጋገር። እንግዲህ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሳልጠይቅ እበላው የነበረው እንቁላልና ቅቤ አሁን በጽሑፍ ተሰጠኝ፤ በጽሑፍ የመጣውን እንዴት አላወቅሁም ይባላል? ይባስ ብሎ ኦቨን የለኝም። የተከራየሁት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ያለኝ ሁለት ዓይን ያላት የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ናት። ኦቨኑ ፎቅ ላይ፣ አከራዬ ዘንድ ነው።

አከራዬ ቢርጊት ይባላሉ፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። እዚህ አገር አንቱ የለም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተና አንቺ ነው። እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ «እትዬ ቢርጊት» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ጠይቀውኝ አያውቁም።

«እትዬ ቢርጊት፣ ኦቨንዎን በሳምንት አንድ ቀን ቢያውሱኝ?»

«ውሉ ላይ የለም።»

«ኪራይ ልጨምር?»

«ውሉ ላይ እሱም የለም።»

ማታ ለየሻረግ ደወልኩ። ስኳሩን ነገርኳት። ወረቀቱንም ነገርኳት። ኦቨን የለኝም ስላት ግን ድምፅዋ ከፍ አለ። «ደብረ ታቦር ማን ኦቨን ኖሮት ነው ዳቦ የሚበላው አንተ? ከላይም ከታችም እሳት አድርግለት! በእንቁላሉ ፈንታ የተልባ ዱቄት በውኃ በጥብጥ፤ እንደ ሙጫ ይይዝልሃል። በዱቄቱ ፈንታ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ቁላና ውቀጥ። ቅቤውን በዘይት ቀይር። ኮረሪማ ሰው ሲመጣ ልኬልህ የለ?»

እውነቷን ነው። ድፎ ዳቦ እኛ ዘንድ የሚበስለው ከሥር እሳት፣ ክዳኑም ላይ ፍም ተደርጎ ነው። ከነዳጅ ማደያ የጥብስ ከሰል ገዛሁ። በረዶ ላይ አቀጣጠልኩት፤ ፍሙን በአካፋ ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ድስቱ ምድጃው ላይ ነው፤ ፍሙን ክዳኑ ላይ አደላደልኩ። መስኮት ከፍቻለሁ፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም። (እናንተ ግን ቤት ውስጥ እንዲህ አታድርጉ፤ መስኮት ከፍቶም ሞኝነት መሆኑን ኋላ ሰዎች አስረድተውኛል።) ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ጠቋሚ ጮኸች። እሷ ስትጮህ የፎቁ ጮኸ። እሱ ሲጮህ እትዬ ቢርጊት በሌሊት ልብሳቸው በረዶው ላይ ወጡ። ጎረቤት ስልክ ደወለ። ዘጠኝ ኩኪስ ለማጥፋት አራት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከነመኪናቸው መጡ።

«እሳቱ የት ነው?» አለኝ የመጀመሪያው።

«ከላይም ከታችም።»

ድስቱን አየ፤ እኔን አየ። «እሳቱን ሆን ብለህ ነው ያስቀመጥከው?»

«አዎ።»

«ድስቱ አናት ላይ?»

«ኩኪሱ ከላይ እንዳይነጣ።»

ጓደኞቹን ጠራና አሳያቸው። አንደኛው ፎቶ አነሳ። ዘጠኙም ኩኪስ ከሰል ሆኖ ስለነበር የትኛው የበሰለበት ከሰል፣ የትኛው የበሰለው ኩኪስ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በማግሥቱ በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፤ «ሁለተኛ ጭስ ካየሁ ትወጣለህ። ቢርጊት።» ከሥር «መልካም ቀን» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ አገር ሲያባርሩህም መርቀውህ ነው።

እንግዲህ እሳቱ ከታች ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ያገኘሁት ዘዴ ይሄ ነው፤ ኦቨን የሌላችሁ ስኳር በሽተኞች ያዙት። ወፍራም ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ጨው አፍስሱ። ጨው ላይ ሳህን ድፉ፤ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግጠሙና በለስላሳ እሳት አሙቁት። የተወቀጠውን ኦቾሎኒና ሰሊጥ፣ የተበጠበጠውን ተልባ፣ ትንሽ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ ቀረፋና ኮረሪማ አሹት። በመዳፋችሁ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ሳህኑ ላይ ደርድሩና ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ። ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ መገልበጥ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ። ከእሳት እንደወጣ አትንኩት፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠነክረው። ጣፋጭነቱን በእምነት ትቀበላላችሁ።

የሻረግ በየቀኑ መደወል ጀመረች። «ጨው ስንት ጣት? ሲገለበጥ አይፈረፈርም? ስንት ቀን ይቆያል?» በሃያ ዓመት ትዳር እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ናፍቆት ነው ብዬ ሁሉንም በዝርዝር መለስኩ።

አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ቢርጊት ናቸው፤ አፍንጫቸው ቀድሞ ገብቷል።

«ጭስ የለም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ካርደሙማ ይሸታል።»

«ኮረሪማ ይባላል፤ የኛ አገሩ ካርደሙማ ነው፤ የጫካው።»

አንድ አንስተው ቀመሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። «ስኳር ረስተሃል» አሉ። አራት ጨምረው ይዘው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ኦቨኑን ግን አትነካም» አሉኝ።

ፊካ ላይ የራሴን ኩኪስ ከኪሴ እያወጣሁ ሦስት ወር አለፈ። ነርሷ ቁጥሩን አየችና ማሽኑ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ወጋችኝ። ወርዷል። ሐኪሙ ፈረመ። ፈቃዱ መጣ፤ ቋሚ ሥራው መጣ፤ በረዶ ዳግም ሲጥል ውሉን ይዤ ወደ ስደተኞች መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሠርጋችንን ፎቶ ገለባበጠው።

«ሁለታችሁም አትስቁም።»

«ሙሽሮች ነን።»

«ደስተኛ አልነበራችሁም?»

«ነበርን። እኛ አገር ሙሽራ ከሳቀ ቤተ ዘመድ ያፍራል።»

ይህንን ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እግዜር ይወቀው። ለውሳኔው ዓመትም ሊፈጅ እንደሚችል፣ ባለቤቴም ከእሷ በኩል ፈርማ ማመልከት እንዳለባት ነገረኝ።

እዚያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። «የሻረግ፣ ሆነ! ፈርመሽ ብቻ አመልክቺ።»

«እሰይ! እልል!» አለች። ከኋላዋ የድስት ክዳን ሲጋጭ ሰማሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኩኪሱን ነዋ። አልነገርኩህም? ለአንዲት ስኳር ላለባት አስተማሪ ሠርቼላት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወሬው ተዛመተ። የአገሩ ስኳር በሽተኛ ሁሉ አስተማሪ ነው ለካ! መብራት ሲጠፋም አልቸገርም፤ እኔ እንዳንተ በምድጃ አይደለም፣ በከሰል ነው። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ፤ አንደኛዋ ከቤሩት የተመለሰች ናት፤ እጇ ወርቅ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ። «መቼ ትፈርሚያለሽ?»

ዝም አለች። ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ዝም የምትለው ሐሳቧን ጨርሳ ነው።

«ትንሽ ላስብበት።»

«ምኑን? አምስት ዓመት አስበንበት!»

«ያኔ ምንም አልነበረኝማ አንተዬ። አሁን እዚያ መጥቼ ምን ልሁን? ቋንቋ ልማር? ምድር ቤት ልቀመጥ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለምን አንተ አትመጣም?»

ምን ልበላት? አውቶቡስ አለኝ ልበላት? በረሃውን ልንገራት? አፌን ስከፍት እዚያ በር ተንኳኳ።

«ቆይ፣ ሰው መጣብኝ፤ እንዳትዘጋው» አለችና ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው። ባጃጅ አለፈ። አንድ ሰውዬ ሳለ። የሻረግ «ይግቡ ጋሼ፣ ትኩስ አለ» ስትል ሰማሁ፤ ድምፅዋ ለኔ ከምታወራበት ይልቅ የወጣትነቷ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳቀች። ረስታኛለች መሰለኝ። እኔም በረዶው ላይ ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነበርኩ፤ እንዳትዘጋው ብላኛለችና።