ሄለንን የሚፈልጋት ጠጋኝ

ባለፈው ሳምንት መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ላፕቶፔን ይዤ ገባሁ። ጠጋኙ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጠፈና እስክሪብቶ አነሳ።

«ስም?»

«ናሆም ተካ።»

ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። «የሄለኑ ናሆም?»

ክው አልኩ። ሄለን እጮኛዬ ናት። መርካቶን ረግጣ አታውቅም፤ ለእኔ የነገረችኝ እንደዚያ ነው።

«ከየት ነው የምታውቃት?»

«ኧረ አላውቃትም! ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣኋት እንጂ።»

የማያውቋትን ሴት ሦስት ቀን ይፈልጓታል? ላፕቶፔን ከእጁ ቀማሁት። ልደውልላት ስልኬን ሳወጣ የራሱን ኮምፒውተር ወደ እኔ አዞረው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ከጓደኞቼ ጋር ሠርተን፣ ማንም እንዲያሻሽለው ኮዱን በነፃ የለቀቅነው የአበሻ ካላንደር ፕሮግራም ነው። የእኔ ኮምፒውተር ላይ እንከን የለውም። የእሱ ላይ ግን በቀይ ተጽፏል፦ «ናሆም ተካ/ሄለን የሚባል ፎልደር አልተገኘም።»

ላፕቶፔ ላይ ብቻ ያለውን ፎልደር በእሷ ስም የሰየምኩት እኔ፣ የፎልደሩን አድራሻ ኮዱ ውስጥ ረስቼ የለቀቅኩትም እኔ።

«ወንድሜ» አለኝ ጠጋኙ፣ «ይሄን ካላንደር ያወረደ ሰው ሁሉ እኮ አሁን ሄለንን እየፈለገ ነው።»